ሚፖ ላይ ብዙ ዩኒት ለመቆጣጠር ኪይ እንዴት ነው ባይንድ የምታደርጉት? (የኔ ደሞ መሃል ላይ ዝም ይላል)

ፑፍ_ፒያሳ · እሁድ ማታ 4፡20

ሰላም ጀለሶች። ዶታ 2 ላይ ሚፖን (ክሎኖቹንም አብረህ የምታዝበትን ሄሮ) መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ሄሮውን እወደዋለሁ ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አሁን ያደረግኩት 1 ዋናው፣ 2 እና 3 እና 4 ደሞ ክሎኖቹ ናቸው፣ ሁሉንም በኮንትሮል ግሩፕ ነው ያሰርኳቸው። ፋርም ሳደርግ (ክሪፕ እየገደልኩ ወርቅ ስሰበስብ) ምንም አይልም፣ አንዱን ጃንግል አንዱን ሌን ልኬ ዘና ብዬ እጫወታለሁ፣ ፋይት ሲነሳ ግን ጣቴ 1 ላይ ይሁን 4 ላይ ይጠፋኛል፣ ሦስቱ ሲገቡ አንዱ ክሪፕ ጋ ቆሞ ሲደባደብ አገኘዋለሁ፣ እሱን ልጠራ ስል ደሞ ሌላው ይሞታል፣ አንዱ ከሞተ መቼም ታውቁታላችሁ ሁሉም አብረው ነው የሚሞቱት።

ሁለተኛው ችግር ነው ያቃጠለኝ። አንዳንዴ ጌሙ መሃል ኪው እና ደብልዩ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ማውሱ ይሰራል፣ ቁጥሮቹ ይሰራሉ፣ ዩኒት መምረጥ እችላለሁ፣ ስኪል ግን አይወጣም። ትንሽ ቆይቶ ደሞ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ጌሙን አጥፍቼ ጫንኩት፣ ያው ነው። እባካችሁ ሴቲንጋችሁን ንገሩኝ፣ ጓደኞቼ አብረውኝ መጫወት ሊያቆሙ ነው።

---

ሰባተኛው_ኩሪየር · እሁድ ማታ 4፡31

የመጀመሪያው መፍትሄ ሚፖን መተው ነው። ስናይፐር ምን አደረገህ? አንድ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ፣ አለቀ።

---

ሚሚ_ቪሳጅ · እሁድ ማታ 5፡02

እሱን አትስማው ፑፍ። እኔ ቪሳጅና ብሩማስተር ነው የምጫወተው፣ ሚፖም ጀምሬ ነበር፣ ችግርህ ገብቶኛል። ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር መስጠት ለፋርም ጥሩ ነው ለፋይት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ፋይት ላይ የምታስበው "ሁለተኛው ክሎን የት ነው" ብለህ አይደለም፣ "ዋናው ይህን ያድርግ፣ የቀሩት ያንን ያድርጉ" ብለህ ነው። ስለዚህ ኪይህም እንደዛ መሆን አለበት።

ሴቲንግ ግባ፣ ሆትኪይ፣ ከዛ አድቫንስድ የሚለውን ክፈተው። ዩኒት ስር ሦስት ነገር ፈልግ። አንዱ ሄሮ መምረጫ ነው፣ ሁለተኛው የምትቆጣጠራቸውን በሙሉ መምረጫ ነው፣ ሦስተኛው ከሄሮው ውጪ ያሉትን በሙሉ መምረጫ ነው። ሰው ሁሉ ሁለቱን ያውቃል፣ ሦስተኛዋን ማንም ልብ አይላትም፣ ሚፖ ግን ያለሷ ዋጋ የለውም። እኔ ሄሮውን ስፔስ ላይ፣ ሁሉንም ከታብ በላይ ያለችው ምልክት ላይ፣ የቀሩትን ማውሱ ጎን ያለችው ቁልፍ ላይ አድርጌዋለሁ። የማውስ ቁልፍ ከሌለህ ካፕስ ሎክ አጠገብ ካሉት አንዷን ስጣት፣ ብቻ ግራ እጅህ ሳይነሳ የሚደርስበት ይሁን። ኤፍ ዋን ኤፍ ቱ ምናምን ላይ አታድርግ፣ ፋይት ላይ እጅህን አንስተህ ስትመልስ ኪው ላይ ሳይሆን ኤ ላይ ነው የምታርፈው።

ሁሉንም መርጠህ ስታዛቸው ልዩነቱን እወቅ። ሂዱ ካልክ ሁሉም ይሄዳሉ፣ ምቱ ካልክ ሁሉም ይመታሉ። ስኪል ስትጫን ግን የሚያወጣው ከፊት የተመረጠው አንዱ ብቻ ነው። ወደሚቀጥለው የምትሄደው በታብ ነው። ስለዚህ ፑፍ ለማድረግ (ደብልዩ ናት፣ አንዱ ሚፖ ጠፍቶ ሌላኛው ጋ የሚወጣባት) "የቀሩትን" ትመርጣለህ፣ ደብልዩ፣ ታብ፣ ደብልዩ፣ ታብ፣ ደብልዩ። ከዛ ስፔስ፣ ዋናው በእጅህ ገባ። ፑፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፣ በዛች ሰዓት ዋናው ብሊንክ አድርጎ (በቅጽበት ዘሎ) ጠላት መሃል ቢገባ ክሎኖቹ እዛው እሱ ላይ ነው የሚያርፉት። ጨዋታው በሙሉ ይቺ ናት። መጀመሪያ ቀስ ብለህ በዴሞ ሄሮ (ብቻህን መለማመጃው) ሞክራት፣ ጣትህ እስኪለምድ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ በእኔ ሳምንት ነው የፈጀው ሃሃ።

መረቡን (ኪው) ግን በአንዴ ሁሉንም እንዳታወጣው፣ አንዱ ወርውሮ ሊያልቅ ሲል በሌላው ቀጥል፣ አለበለዚያ አራት መረብ ለሁለት ሰከንድ ነው ያባከንከው።

---

ፑፍ_ፒያሳ · ሰኞ ጠዋት 2፡15

ሚሚዬ እግዜር ይስጥሽ፣ ማታውን እስከ ስምንት ሰዓት ስሞክር ነበር፣ "የቀሩት" የምትለዋ ኪይ እኮ ህይወት ቀያሪ ናት፣ እስከዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም። አንድ ጥያቄ፣ ኮንትሮል ይዘህ ትእዛዝ ስትሰጥ ሁሉም ይሰማሉ የሚል ኦፕሽን አየሁ፣ እሱን ላብራው ወይስ ይቅር?

ኪዩ ዝም የሚለው ነገር ግን አሁንም አለ፣ ማታ ሁለቴ ሆነብኝ።

---

ሚሚ_ቪሳጅ · ሰኞ ጠዋት 2፡40

ዩኒፋይድ ኦርደርስ የሚለውን ነው የምትለው። አብራው፣ ለመሸሽ ቆንጆ ነው፣ ማንን መርጠህ እንዳለህ ሳታስብ ኮንትሮል ይዘህ መሬት ላይ ራይት ክሊክ ስታደርግ ሁሉም ተሰብስቦ ይሄዳል። ብቻ ኮንትሮልን ከስኪል ፊደል ጋር ስትጫን ስኪሉን ሌቭል ማሳደጊያ ስለሆነ ሌቭል ስትወጣ ተጠንቀቅ፣ እኔ አንዴ ፑፍ ላወጣ ብዬ ያልፈለግኩትን ስኪል ሌቭል አድርጌ አርፌዋለሁ።

ዝም የሚለው ነገር ከጌሙ አይመስለኝም። ሌሎች ምን ትላላችሁ?

---

ቦሌ_ክሊክ · ሰኞ 6፡10

ብሮ ይሄን ሁሉ ምን አስደከመህ? ማክሮ ያለው ማውስ ግዛ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ደብልዩ ታብ ደብልዩ ታብ ደብልዩ ብለህ ቅዳው፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ ሁሉም ፑፍ ይላሉ። እኔ በዛ ነው የምጫወተው ማንም አልጠረጠረኝም።

---

ሼባው_ከሲልቨር_ስፕሪንግ · ሰኞ 11፡45

አንተ ልጅ፣ በዚህ ነገር እኔ ቁስል አለብኝና ልናገር።

ዶታ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ነው የምጫወተው። የመጀመሪያው ዋርክራፍት በ1994 ሲወጣ በአንዴ መምረጥ የሚቻለው አራት ወታደር ብቻ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ ሆነ፣ ስታርክራፍት በ1998 መጥቶ 12 ሲያደርገው ጉድ ተባለ። ዋርክራፍት 3ም 12 ነው፣ የናንተ ዶታም ከሱ ማፕ ነው የወጣው። እና ብዙ ሰው በአንድ እጅ ማዘዝ የሚባለው በሽታ ያኔ ነው የያዘኝ።

ከዛ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት መጣ። እዛ ላይ አንድ ሰው አንድ ካራክተር ነው፣ እኔ ግን አምስት አካውንት ከፈትኩ። በወር 15 ዶላር ገደማ ለአንዱ፣ አምስቱ 75 ዶላር፣ ሚስቴ ዛሬ ድረስ አታውቅም (ይህን የምታነብ ካለች ዝም ትበል)። አምስት ሻማን ነበሩኝ። ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ስጫን ፕሮግራሙ ለአምስቱም ዊንዶ ያስተላልፈዋል፣ አምስት መብረቅ በአንዴ ይወርዳል። ግን ቁልፍ ማስተላለፍ ብቻ አይበቃም፣ ካራክተሮቹ የተለያየ ጠላት ሊያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ማክሮው መጀመሪያ "አሲስት" ይላል፣ ማለት ዋናዬ የያዘውን ጠላት ያዝ፣ ከዛ ነው ስፔሉ የሚወጣው። ሌላ ቁልፍ ላይ ደሞ "ፎሎው"፣ ሁሉም ከኋላዬ እንደ ጫጩት ይሰለፋሉ። አንዱ ማክሮ ከ255 ፊደል መብለጥ አይችልም፣ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ የካራክተሮቼን ስም ሳይቀር አሳጥሬዋለሁ። በሰይፍ የሚዋጉትን ግን እንዲህ መንዳት መከራ ነው፣ ፎሎው ሲያደርጉ ቆይተው ፊታቸውን ወደ ጠላት አያዞሩም፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው ከሩቅ የሚመቱትን የሚመርጠው።

በፈረንጆች 2020 ኖቬምበር ላይ ብሊዛርድ አንዱን ቁልፍ ለብዙ ዊንዶ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ክልክል ነው አለ። ብዙ አካውንት መያዝ አልተከለከለም፣ ማስተላለፉ ነው የተከለከለው። ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የጠፈር ጌም ደሞ ከዛ ቀደም ብሎ፣ ከ2015 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ከልክሎታል። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይም በ2024 ኦገስት አንድ ተጭነህ ብዙ የሚሰሩትን ቫልቭ ከሰርቨሩ ማባረር ጀምሯል። ቫልቭ ማለት የዶታ ባለቤት ነው እንግዲህ። የሚጠሉት አንዱን ነገር ነው፣ አንድ ጣት አንድ ጊዜ ተጭኖ ብዙ ስራ ሲሰራ። እና "ማንም አልጠረጠረኝም" የምትለውን ዛሬ በላት።

ፑፍ፣ አንተ ሚሚ የተባለችው እህታችን የነገረችህን አድርግ። ጌሙ ራሱ የሰጠህ ኪይ ነው፣ ማንም አይነካህም።

---

ቦሌ_ክሊክ · ሰኞ ምሽት 1፡05

ጋሼ ይቅርታ ግን ማውስ እኮ ነው፣ ሃክ አይደለም። የተደበቀውን ማፕ አላበራሁ፣ ምን አጠፋሁ።

---

ሰባተኛው_ኩሪየር · ሰኞ ምሽት 1፡09

የሰው ሌሊት አጠፋህ። እኔ አንዴ ባንተ ዓይነቱ ሚፖ ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ፣ አራቱም በአንድ ቅጽበት ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፉ "ይሄ ሰው ጣቱ ስንት ነው" ብዬ ነው የተኛሁት። ለካ ጣት አይደለም ማውስ ነው።

---

ኪቦርድ_ጠጋኝ · ሰኞ ማታ 3፡30

ወደ ፑፍ ጥያቄ ልመልሳችሁ። መገናኛ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የዚህ ዓይነት ኪቦርድ በሳምንት ሁለት ሦስት ይመጣልኛል። ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም፣ ቁልፎቹ አግድምና ቁልቁል በተዘረጋ መስመር ነው የተሳሰሩት፣ እንደ ቼዝ ሰሌዳ በለው። የሚጋሩት መስመር ላይ ያሉ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን ሦስተኛውን መለየት ስለማይችል ይውጠዋል። ሚፖ ተጫዋች ደሞ እጁ አያርፍም፣ ታቡን ሳይለቅ ደብልዩ ይጫናል፣ ደብልዩን ሳይለቅ ስፔስ ይጫናል። ሺፍት ኮንትሮል ኦልት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ስለሚሰመሩ እነሱ ችግር የለባቸውም።

ቀላል መሞከሪያ አለው። ኖትፓድ ክፈት፣ ኪው እና ደብልዩ ይዘህ ሳትለቅ ኢ ጫን፣ ከዛ ኤ፣ ከዛ ዲ፣ እንዲህ እያልክ የምትጠቀምባቸውን ሁሉ ሞክር። የማይጻፍ ካለ ኪቦርድህ ነው። መፍትሄው ወይ ኪዩን ወደ ሌላ ፊደል ማዛወር ነው ወይ ስድስት ቁልፍ በአንዴ የሚቀበል ኪቦርድ መግዛት ነው፣ ያልተጠየቅኩትን ልጨምርና፣ አብረቅራቂ መብራት አለው ብለህ እንዳትገዛ፣ መብራቱና ውስጡ አይገናኙም።

---

ፑፍ_ፒያሳ · ማክሰኞ ምሽት 12፡50

ወንድሜ ኖትፓዱን ሞከርኩት፣ ሁሉም ይጽፋል። ኪቦርዱ አይደለም ማለት ነው።

ግን ዛሬ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሁልጊዜ ዝም የሚለው ደቂቃው ሊሞላ ሲል ነው፣ 53ኛ 54ኛ ሰከንድ አካባቢ፣ ጃንግል ውስጥ ካምፕ ስታክ ሳደርግ (አዲስ ክሪፕ እንዲጨመርበት ያሉትን ከካምፑ ሳስወጣ)። ፋይት ላይ የሚሆነውም ከዛ ሳይመለስ ቀርቶ ነው እንጂ እዛው ጀምሮ አይደለም። ሌላ ደሞ፣ ዛሬ ኪዩ ሲሞት ቡድኔን ይቅርታ ልል ቻት ከፈትኩና ስጽፍ "ውኣኢት" ነው ያለው። ዋይት ልል ነበር። የዱባይ ሰርቨር ላይ ያሉት ልጆች ምን ቋንቋ ነው እያሉ ሳቁብኝ።

---

ሻርጃ_ሚድ · ማክሰኞ ምሽት 1፡02

ኦልት ሺፍት!!!!

ብሮ ዊንዶውስህ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ጭነሃል አይደል? ግራ ኦልትና ሺፍት አንድ ላይ ሲነኩ ዊንዶውስ ቋንቋ ይቀይራል። ስታክ ስታደርግ ኦልት ትይዛለህ የካምፑን ሳጥን ለማየት፣ ሺፍት ደሞ ትይዛለህ ትእዛዝ ለማስከተል፣ ክሎኑ ክሪፑን መትቶ ይውጣ ከዛ ፑፍ ብሎ ይመለስ ለማለት። ሁለቱ ሲገናኙ ወደ አማርኛ ሄደሃል። ከዛ ኪው ስትጫን ጌሙ ጋ አይደርስም፣ አማርኛው "ቅ" ሊጽፍ ይዞት ይቀመጣል። ቁጥሩና ማውሱ የሚሰሩት ለዛ ነው። በሚቀጥለው ስታክ ደሞ ሁለቱን ደግመህ ስትነካ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል፣ "በራሱ ጊዜ ይመለሳል" ያልከው እሱ ነው።

እኔ ይሄ ነገር አንድ ወር ሙሉ በልቶኛል፣ አዲስ ኪቦርድ ሁሉ ገዝቻለሁ።

---

ፑፍ_ፒያሳ · ማክሰኞ ምሽት 1፡06

እንዴ!!! አዎ ጭኛለሁ፣ ለመስሪያ ቤት ደብዳቤ ብዬ። እዚህም የምጽፍላችሁ በሱ ነው። እንዴት ነው የሚጠፋው? አማርኛውን ማውጣት አልፈልግም።

---

ሻርጃ_ሚድ · ማክሰኞ ምሽት 1፡15

አታውጣው። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ታይፒንግ፣ ከዛ ወደ ታች ወርደህ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ። እዛ ውስጥ ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪይስ የምትል ሰማያዊ ጽሁፍ አለች፣ ስትነካት ያቺ የድሮዋ ትንሽዬ ሳጥን ትከፈታለች። ቼንጅ ኪይ ሲክዌንስ በላት፣ ሁለቱንም ጎን ኖት አሳይንድ አድርግ፣ ኦኬ። ከዚያ በኋላ ቋንቋ የምትቀይረው በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ቁልፉን ጌም ላይ ማንም አይነካም (ካልተሳሳተ)።

---

ኪቦርድ_ጠጋኝ · ማክሰኞ ምሽት 1፡40

አቦ ይመችህ ሻርጃ። ለኔም ትምህርት ነው፣ "ፊደሉ አልፎ አልፎ ይሞታል" ብለው ስንቱን ኪቦርድ ነው ፈትቼ ያጸዳሁት። ገንዘብ መልስ እንዳይሉኝ ብቻ።

---

ጌም_ቤት_ጠባቂ · ማክሰኞ ማታ 3፡12

እኔ ደሞ ሌላ ጣጣ አለብኝ። የምጫወተው ጌም ቤት ነው፣ ኮምፒውተሮቹ ሲጠፉ ሁሉንም ነገር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም አላቸው፣ መብራት ብልጭ ሲል ያስተካከልኩት ባይንድ ድራሹ ይጠፋል። ሁልጊዜ አስር ደቂቃዬን እሱ ላይ ነው የምጨርሰው፣ በሰዓት እየከፈልኩ።

---

ሚሚ_ቪሳጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡25

ስቲም ክላውድህን አይተኸዋል? እሱ በርቶ ከሆነ ሆትኪዩ ከአካውንትህ ጋር ይከተልሃል። ግን ጌሙን በወጉ ሳትዘጋው መብራት ከሄደ ላይሰቀል ይችላል፣ ስለዚህ ኪይ ካስተካከልክ በኋላ አንዴ ወጥተህ ግባ። ለማንኛውም ኮፒ ያዝ፣ ስቲም ፎልደር ውስጥ ዩዘርዳታ፣ የአካውንትህ ቁጥር፣ ከዛ 570 (የዶታ መለያ ቁጥር ነው)፣ ሪሞት፣ ሲኤፍጂ። እዛ ውስጥ ዶታኪይስ ብሎ የሚጀምረውን ፋይል ፍላሽ ላይ ጣለው።

አንድ ነገር ደሞ ለፑፍ ረስቼ፣ ለአንድ ሄሮ ብቻ የሚሰራ ባይንድ ማድረግ ይቻላል። ሚፖን ይዘህ ጌም ውስጥ እያለህ ሆትኪይ ክፈት፣ ለዚህ ሄሮ ለብቻ አድርግ የሚለውን ምረጥ። አለበለዚያ ሌላ ሄሮ ስትይዝ ስፔስህ ግራ ያጋባሃል።

---

ፑፍ_ፒያሳ · ረቡዕ ሌሊት 6፡48

ሪፖርት። ኦልት ሺፍቱን አጠፋሁት፣ አራት ጌም ተጫወትኩ፣ አንዴም ዝም አላለም። ስታክ ላይ ሆን ብዬ ሁለቱን ደጋግሜ ጫንኳቸው፣ ምንም። ሻርጃ ወንድሜ አዲስ አበባ ስትመጣ ማኪያቶ በኔ ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት አሸነፍኩ ሁለት ተሸነፍኩ። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ፋይት ነበረች፣ ወንዙ አጠገብ፣ የቀሩትን መረጥኩ፣ ደብልዩ ታብ ደብልዩ ታብ ደብልዩ፣ ስፔስ፣ ብሊንክ፣ አራቱም ሊና አናት ላይ አረፉ፣ ልጅቷ ዞር እንኳን አላለችም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራተኛው ላይ ደሞ ያንኑ ልደግም ብዬ ቸኩዬ "የቀሩትን" ሳይሆን "ሁሉንም" ነክቼ ኖሯል፣ ዋናውም አብሮ ፑፍ ጀመረ፣ ብሊንክ ስል ፑፉ ተቋረጠ፣ እሱ ብቻውን ቀድሞ ገባና በአንድ ስታን አለቀ። ሁሉም ሞቱ። ይሄኛው ግን የኔ ጣት ነው፣ ዊንዶውስ አላላክክም።

---

ሼባው_ከሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ ሌሊት 7፡20

ሁለቱን ቁልፎች አራርቃቸው። አንዱ በአውራ ጣት ሌላው በትንሿ ጣት ይሁን፣ ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎች በድንጋጤ ጊዜ አንድ ናቸው። እኔ ፎሎውና መብረቁን ጎን ለጎን አድርጌ አምስት ሻማን ተከታትለው ገደል ገብተውብኛል።

በ2017 ፊሊፒንሳዊው የዶታ ተጫዋች አቤድ 10 ሺህ ኤምኤምአር (የደረጃ ነጥብ) ሲገባ ሚፖውን ፈልገህ እየው፣ እጁን ሳይሆን ሚኒማፑን ተመልከት፣ አራቱ ሁልጊዜ አራት የተለያየ ቦታ ላይ ናቸው፣ የሚሰበሰቡት ለመግደል ብቻ ነው።

---

ቦሌ_ክሊክ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

እሺ ማክሮውን ዛሬ አጠፋሁት፣ በእጄ ሞከርኩት፣ ሦስቴ ታብ ስል ኦልት ነክቼ ኖሮ ጌሙ ወደ ዴስክቶፕ ወጣ፣ ስመለስ ሞቻለሁ። ኦልት ታብን የማጥፊያ መንገድ የሚያውቅ አለ?

---

ሰባተኛው_ኩሪየር · ረቡዕ ጠዋት 3፡04

ስናይፐር። አንድ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ።